ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት

ኮሌጃችን መምህራንን ማሰልጠኑን ለመቀጠል የእውቅና ፈቃዱን ማሳደስ ነበረበት። ፈቃዱ ካልታደሰ አዲስ ሰልጣኝ አንቀበልም። አዲስ ሰልጣኝ ካልተቀበልን ደግሞ ከመንዝም ከግሼም አስተማሪ መሆን የሚፈልግ ልጅ ስንቁን ቋጥሮ ሩቅ አገር መሄድ አለበት፤ ሴቶቹማ አብዛኞቹ ከነጭራሹ አይሄዱም። ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም፤ እኔም የወጣሁት ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። ስለዚህ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው ከተባለ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍም ጠባይም አልነበረኝም።

የእኔ ድርሻ የማስተማር ልምምዱ ነበር። ገምጋሚዎቹ ኮሌጁን ካዩ በኋላ በአጠገባችን ወዳለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደው፣ አንድ ሰልጣኝ ክፍል ገብታ ስታስተምር ቁጭ ብለው ያያሉ። የአገራችን ሰው እንግዳ ሲመጣበት ጥሩውን ባና ያነጥፋል፣ የተቀደደውን ጓዳ ይከታል። እኛም የተማርን ነን ባዮች ያንኑ አደረግን። ከሰልጣኞቹ ሁሉ የተሻለችውን መርጠን ሌሎቹን ጓዳ ከተትናቸው።

የመረጥናት ልጅ ከራቤል አለፍ ብሎ ካለ ገጠር የመጣች ነበረች። ድምጿ ረጋ ያለ ነው። ተማሪ ሲሳሳት አትደነግጥም፣ አትቸኩልም፤ እስኪያርም ትጠብቀዋለች። ይህን ለማንም ማስተማር አይቻልም፤ እኔ ስሞክር ኖሬያለሁ። ባቄላ በመደዳ እየደረደረች ማባዛትን የምታስተምርበትን ያንኑ አንድ ትምህርት፣ በዚያው በሁለተኛ ክፍል ደጋግመን አስለማመድናት። ዲናችን አንድ ቀን በመስኮት አይተው፣ "እነዚህ ልጆች አሁንስ በሕልማቸውም ሳያባዙ አይቀሩም" አሉኝ። ለቀልድ ጊዜ የለኝም ብዬ ተቆጣሁ።

ዕለቱ ደረሰ። ግቢው ተጠርጓል፤ የኮሌጁ መኪና ገምጋሚዎቹን ካደሩበት ሆቴል ለማምጣት ታጥቦ ቆሟል። ከዲኑ ጋር በር ላይ ቆመን ሳለን ስልኬ ጮኸ። የልጅቱ አጎት ነበሩ፤ ቁጥሬን የሰጠቻቸው ከዓመታት በፊት፣ ስትመዘገብ ነው።

"መምህርት፣ እንደምን አደሩ። እናቷ ሌሊቱን አርፋለች። ወደ እሷ ስልክ ግን አልደወልንም" አሉኝ። "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አደራዎን እንዳያረዷት። ትንሽ አሟታል ብለው ይላኩልን፣ መርዶውን እኛ እዚህ ዘመድ ባለበት እንነግራታለን።"

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ ከአፍ የሚወጣ ወሬ አይደለም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ራሷን ስታ ብትወድቅ የሚይዟት ሴቶች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ጭካኔ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ለእኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ከምናውቀው ርኅራኄ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነበር።

ትምህርቱ የሚጀመረው አራት ሰዓት ነው። መንገዱ ብቻ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ አስተምራ ከወጣች ቀብር አትደርስም። ለዲኑ ነገርኳቸው። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሻሹና የታጠበውን መኪና ትኩር ብለው አዩት።

"መኪናው ይውሰዳት፤ እንግዶቹ በእግራቸው ይምጡ" አሉ። ቀጥለውም በዝቅተኛ ድምፅ፣ "ማን ሊያስተምር ነው?" አሉኝ። ከዚያች ልጅ በቀር ያዘጋጀነው ሰው የለም።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ልጅቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጥቁር ሰሌዳ ትወለውላለች። ወደ ውጭ ጠራኋትና ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አቆምኳት። ደህና የማወራ መስሎኝ ነበር።

"እናትሽን ትንሽ አሟታል። አጎትሽ ደውለው ነበር። መኪና አለ፣ አሁኑኑ ሂጂ።"

መኪናውን አየችው። ከዚያ እኔን። ትንሽ ላመማት እናት የኮሌጅ መኪና እንደማይታዘዝ የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም፤ እኔ ግን ይህን ያሰብኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከንፈሯ ሲደርቅ አየሁ። ገብቷታል።

"ትንሽ ከሆነማ አስተምሬ እሄዳለሁ" አለችኝ።

"አይ፣ አሁን ነው የምትሄጂው።"

"መምህርት፣ ትንሽ አሟታል አይደል ያሉኝ? በእኔ ምክንያት ኮሌጁ ቢዘጋ እናቴም አትወድም። ቶሎ እጨርሳለሁ።" ድምፁ ያው የረጋ ድምጿ ነበር። ዓይኗን ግን ከእኔ አሽሽታ ክፍሉ በር ላይ ተክላዋለች።

ያን ጊዜ ምን እያደረገች እንደሆነ ተረዳሁ። የሰጠኋትን ውሸት አጥብቃ ይዛዋለች። በዚያ ውሸት ውስጥ እናቷ ገና ታማሚ ናት፤ ባቄላውን እስክትደረድር፣ ልጆቹን እስክትጠይቅ ድረስ በሕይወት ትቆይላታለች። እኔም ዝም ብል ትምህርቱ ይሰጣል፣ ገምጋሚዎቹ ይደሰታሉ፣ የአጎቷም አደራ አይፈርስም። ሁሉም ነገር ዝም በይ ይለኝ ነበር። እሷ ግን እናቷን ሳትቀብር ትቀራለች፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልኳን ያቺን የባቄላ ትምህርት ስታስታውስ ትኖራለች።

ሁለት እጆቿን ያዝኩ።

"እናትሽ ሞታለች" አልኳት። "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ከወጣሽ ትደርሻለሽ።"

ጩኸቷ አሁንም ይሰማኛል። መሬት ላይ ወደቀች፤ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። ልጆቹ በመስኮት ተደራርበው ያዩናል። ግራና ቀኝ የሚቆም ዘመድ የለም፣ ሽማግሌ የለም፤ ውኃ እንኳ ያመጣችው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ናት። ፈራሁ፤ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ቆይታ ራሷ ተነሳች፣ ነጠላዋን ፈትታ አዘቅዝቃ ለበሰች። መኪናው ውስጥ አስገባኋትና እጇን ልለቅ ስል አልለቀቀችኝም። ያን ሁሉ ወር የደከምኩለትን ጉብኝት ትቼ አብሬያት ገባሁ።

ጓሳ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበርና ሾፌሩ ቀስ ብሎ ይነዳል። ድንገት፣ "ልጆቹን ማን ያስተምርልኛል?" አለች። "ሰው አለ" አልኳት። ይህ በዚያ ቀን የዋሸሁት ሁለተኛ ውሸት ነው።

ኋላ እንደሰማሁት ጓዳ ከከተትናቸው ሰልጣኞች አንዱ እየተንቀጠቀጠ ገብቶ አስተማረ። ልጆቹም ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱን በአንድ ድምፅ ይነግሩት ነበር። ፈቃዱ ታድሷል፤ የማስተማር ልምምዱ በአንድ ሰው ላይ እንዳይንጠለጠል የሚል ጥብቅ ማሳሰቢያ ግን ተያይዞበታል። ልክ ናቸው፤ ለእኔ የተጻፈ ያህል ነው ያነበብኩት።

ስንደርስ ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱ እሷን እየጠበቁ ነበር። ሴቶቹ ተቀብለዋት ወደ አስከሬኑ ይዘዋት ሄዱ። እናቷን ቀበረች። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለሌላው ነገር ሁሉ ግድ አልነበረኝም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ገባን። አጎቷ ከመኪና ስትወርድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ እንደነበር አይተዋል፤ እንደተረዳች ያወቁት ያኔውኑ ነው። አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ማን ነው ያረዳት?"

"እኔ ነኝ።"

"አደራ ብዬዎት ነበር እኮ፣ መምህርት። አባት የላት፣ እህት የላት። ለመርዶዋ እንኳ ሰው ይኑራት ብለን ነው። ልጅቱ ብቻዋን ሰማች።"

ያሰቡት ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። አስተምሬ ካልሆነ አልሄድም ብላኝ ነው፣ ወይም ጊዜ አልነበረም ብል ማን ይከለክለኛል። ግን አፌ እንቢ አለኝ።

ልጅቱ ከሴቶቹ መካከል፣ አንገቷን ሳታቀና ተናገረች።

"ብቻዬን አልነበርኩም፣ አጎቴ። እሳቸው ይዘውኝ ነበር።"

አጎቷ ሄደው የዘመድ መደዳ ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና፣ "ይቀመጡ" አሉኝ።