ጉብታው ላይ ስልክ የሚያነሳው ሰው

ሲስተር አፀደ በወጣትነታቸው በሽተኛን የሚያውቁት በዓይናቸው ነበር። በመንዝ ገጠር በነርስነት ሲያገለግሉ፣ በበቅሎ ደጋና ቆላውን ሲዞሩ፣ ገና አጥሩ በር ላይ ሆነው የታማሚውን አረማመድ አይተው ምን እንዳገኘው ይገምቱ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጠዋት ጠዋት ላምበረት ካለው ቤታቸው በታክሲ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ይመጡና፣ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጠው በስልክ ያስታምማሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። በገጠር ላለው በሽተኛ ሥዕል ያለባት ቀጭን መጽሐፍ ትላክለታለች። እሷን እያየ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል፣ ጨው ይቀንሳል፣ በየቀኑ ጥቂት ይራመዳል፣ ሐሳብ ሲከብደው ከጎረቤት ጋር ይጨዋወታል። ሲስተር አፀደ በሳምንት አንድ ቀን እየደወሉ እንዴት እንደሰነበተ ይጠይቁትና ቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

ከስምንቱ በሽተኞቻቸው እንደ ገብረየስ ያለ አልተገኘም። የመንዝ ገበሬ ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ልቡ ደክሟል፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህም ሐዘን አጉብጦታል። ቤቱ ውስጥ ኔትዎርክ ስለማይገባ ሐሙስ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ጉብታው ላይ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል። ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ መልሱ ሁሉ አምሮ ነበር።

«ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ስታር ነው!» ትላለች የቢሮው አስተባባሪ ቤዛዊት ቅጹን እያገላበጠች። «ለረጂዎቹ በምንልከው ሪፖርት ላይ ፎቶውን ማውጣት አለብን።»

«ተይ እባክሽ፣ የሰው ዓይን አለ» ይሏታል፤ ግን ደስ ይላቸዋል። ደስ እያላቸውም ስልኩን ከዘጉ በኋላ አንድ ነገር ይከነክናቸዋል። ምን እንደሆነ ሊገለጥላቸው አልቻለም።

በስድስተኛው ሐሙስ ከቦሌ በላይ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ደወሉ።

«ገብረየስ፣ እንዴት ሰነበትክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ! በጣም ደህና ነኝ።»

«እግርህ አያብጥም?»

«ምን ሲደረግ!»

«ጨውስ?»

«ኧረ ጣሙንም ረስቼዋለሁ።»

«ጉብታውን ስትወጣ አላደከመህም?»

«ምን ያደክመኛል፤ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት!»

እስክሪብቷቸው ባለበት ቆመ። በመጀመሪያው ሐሙስ ገብረየስ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይመልስ ብዙ አለክልኮ፣ «ይቆዩኝ እትዬ፣ ነፍሴ ትመለስ» ብሏቸው ነበር። የደከመ ልብ በአምስት ሳምንት ጉብታ እየሮጠ አይወጣም። ይህ ሰው ደግሞ ከሁለተኛው ሐሙስ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላለከለከም።

«ወንድሜ፣» አሉ ዝግ ብለው፣ «አንተ ማነህ?»



«ቂርቆስ ነኝ… ታናሽ ወንድሙ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ከተኛ አራት ሳምንቱ። እርስዎ ከአዲስ አበባ ድረስ እየደወሉ ክፉ ወሬ ቢሰሙ አሳፈረን። እሱ ራሱ ‹ሴትዮዋን አታስጨንቅ፤ እኔን ሆነህ ደህና ነኝ በላት› አለኝ።»

«አሁን እንዴት ነው?»

«ጋደም ሲል ይታፈናል፤ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። እግሩን ጣት ሲነካው ይሰረጉዳል። ትናንት ንስሐ አባቱን አስጠርቶ በሬውን ተናዘዘልኝ።»

«መድኃኒቱን እየዋጠ ነው?»

«አለቀ እኮ፣ እትዬ። ደህና ነኝ ካልን በኋላ በምን አፋችን እንጠይቅ?»

ሲስተር አፀደ ልጅ ሳሉ በጽሕፈት ትምህርት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ገጽ ሙሉ ይገለብጡ ነበር። የዚያን ጊዜ ደባቂው በሽተኛው ብቻ ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን ያማረ መልስ እየጣማቸው አራት ሐሙስ ሙሉ አጥብቀው ያልጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«ቂርቆስ ስማኝ። ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ታገኛለህ?»

«ሰውስ አይጠፋም። ግን ጎረቤቱ ‹ድኗል ስትሉን አልነበር?› ቢለንስ?»

«ይበላችሁ! ከቀብር ሐሜት ይሻላል። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ አድርሱት። በጀርባው እንዳታስተኙት፤ ደገፍ አድርጋችሁ ያዙት።»

ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያው ደውለው በሽተኛ እየመጣ መሆኑን አስታወቁ። ከዚያ ወዲያ ምሳ አልቀመሱም፤ ቤዛዊትም አልቀለደችም። ስልኩ የጮኸው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ነበረች።

«ደርሷል፣ ሲስተር። ኦክስጅን አድርገንለት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ልከነዋል።»

«ይተርፋል?»

«ከንፈሩ ጠቁሮ ነው የመጣው። ዛሬን ያድር እንደሆነ ነገ እንነጋገራለን።»

ሲስተር አፀደ ቅጹን ስበው ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ ሰረዟቸው።

«ሪፖርቱ ትናንት ሄዷል እኮ» አለች ቤዛዊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሐሰት ነው ብለሽ ጻፊላቸው።»

ቤዛዊት ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን የቀሩትን ሰባት ቅጾች አየች። ሁሉም ላይ «ደህና» የሚል ተጽፏል።

«እነዚህስ ሲስተር?»

«እሱን ነው እንግዲህ የማላውቀው» አሉና፣ ቀኗ ባይሆንም የሁለተኛዋን በሽተኛ ቁጥር መደወል ጀመሩ።