ለዳኛዋ ያላደረስኩት ቃል

ይህ ነገር ከደረሰ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የምኖረው ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል ነው፤ ጄሪካን፣ ገመድና ሸራ እሸጣለሁ። በንግድ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ተታልያለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ አልፎ አልፎም አታልያለሁ። ያን ሁሉ ረስቼዋለሁ። ይሄኛው አልረሳ ያለኝ ያን ቀን ማንንም ለመጉዳት ስላላሰብኩ ነው። ለመርዳት ነበር ያሰብኩት።

ጠዋት ፍርድ ቤት የሄድኩት ለራሴ ጉዳይ ነው። የሱቅ ፈቃዴን ሳላድስ ከርሜ ተከስሼ ነበር። እኛ የዚህ ከተማ ነጋዴዎች ያልተጻፈ ሕግ አለን፦ ከተከሰስክ እመን። ብትክድ ቀጠሮ ይሰጥሃል። በቀጠሮው ቀን ምስክሩ አልመጣም ይባላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ምስክሩ መጥቶ መዝገቡ ይጠፋል። ዋስ ከሌለህ ደግሞ ይህን ሁሉ የምትጠብቀው ታስረህ ነው። ካመንክ ግን ተቀጥተህ ለምሳ ቤትህ ትደርሳለህ። እኔም በስዋሂሊ «ንዲዮ»፣ አዎ አልኩ፣ ተቀጣሁ፣ ተገላገልኩ። ስለ ፍርድ ያለኝ እውቀት በሙሉ ይህችው ነበረች።

ልወጣ ስል ጸሐፊው ከኋላዬ «ምዜ» ብሎ ጠራኝ፤ በስዋሂሊ ሽማግሌው ማለት ነው።

«አንተ ሀበሻ አይደለህ? አስተርጓሚው ዛሬ ቀርቷል። አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ቶሎ ያልቃል።»

ተከሳሾች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ምትኩን አየሁት። ምትኩ ከሆሳዕና የመጣ ግንበኛ ነው። የሱቄን የጀርባ ግድግዳ የለሰነልኝ እሱ ነው። ሥራውን ሲጨርስ የተረፈውን ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ «ጋሼ፣ ይሄ ያንተ ነው» ብሎ አስረክቦኛል። የተረፈ ሲሚንቶ የሚመልስ ግንበኛ በሁለቱም ሞያሌ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

«ምን አግኝቶህ ነው?» አልኩት።

«ፍየል፣ ጋሼ።»

በኬንያው በኩል ጎልቦ የሚባል ቦታ ሄዶ የውሃ ማጠራቀሚያ ሲገነባ ሰንብቷል። ሲጨርስ ፍየል በጫነ ሎሪ ላይ ተሳፈረ። በእኛ አገር ከከብት ጋር ተጭኖ መሄድ ብርቅ አይደለም፤ እኔም ከፍየል ጋር ሄጃለሁ፣ ከአንዳንድ ሰው ይሻላሉ። መንገድ ላይ ፖሊስ ሎሪውን አስቆመ። ሹፌሩና ፍየሎቹን የጫነው ሰውዬ ዘለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። ምትኩ ያጠፋው ነገር ስለሌለ አልሮጠም። ፍየሎቹ የተሰረቁ ነበሩ፤ አብሯቸው የተገኘው ሰው እሱ ብቻ ሆነ። ያለ ፈቃድ ኬንያ ውስጥ መሥራትም ሌላ ክስ ሆኖ ተጨመረበት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገራቸው?»

«ተው እንጂ! ከካድክ እኮ ስንት ወር ታስረህ ምስክር ስትጠብቅ ልትኖር ነው። ለሁለቱም አዎ በል። ቀጥተው ድንበር ያሻግሩሃል። ማታ ከአማረች ጋር ራት ትበላለህ።»

አማረች ሚስቱ ናት። ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የምትኖረው በኢትዮጵያው ሞያሌ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ በእግር የሚደረስበት ቤት።

«ፍየል ሰረቅኩ ልበል?»

«ለአንድ ቀን ብትል ምን ትሆናለህ? ፍየሎቹ እንደሆነ አይታዘቡህ።»

ሳቀ። እምነቱን ጣለብኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው፣ የሚባለውን ሁሉ በትክክል እንድተረጉም አማሉኝ። ዳኛዋ ገና ወጣት ናት፣ ግን አትቸኩልም። የመጀመሪያው፣ ያለ ፈቃድ የመሥራቱ ክስ ተነበበ፤ ምትኩ አዎ አለ። ሁለተኛው፣ የፍየሎቹ፣ ሲነበብ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። አዎ አለ።

«ይህ ከባድ ክስ መሆኑን ንገረው» አለችኝ ዳኛዋ። «በራሱ ፈቃድ ነው የሚያምነው?»

«በፈቃድህ ነው ወይ ትላለች፣ አዎ በል» አልኩት። የክሱን ክብደት ዘለልኩት። እንዲፈራብኝ አልፈለግኩም።

አሁንም አዎ አለ። የሚናገረው ነገር እንዳለው ጠየቀችው። ይሄኔ አላስቻለውም።

«እመቤቴ፣ እኔ ፍየሎቹን አላውቃቸውም። ለሹፌሩ የመሳፈሪያ ከፍዬ ነው የተጫንኩት። ጎልቦ ሰው ልካችሁ ጠይቁ፣ የገነባሁት የውሃ ማጠራቀሚያ አለ፣ ሲሚንቶው እንኳ ገና አልደረቀም። ሌባ ብሆን እንደነሱ አልሮጥም ነበር?» እጆቹን ዘረጋላት። ጣቶቹ በኖራና በሲሚንቶ ተሰነጣጥቀዋል።

ይህን ባደርስላት ክዷል ብላ ልትመዘግብ፣ ቀጠሮ ልትሰጥ፣ ያሰናዳሁት ሁሉ ሊፈርስ ነው። እንዲህ አልኳት፦ «ጥፋቱን አምኗል፣ ይቅርታ ይለምናል፣ የሁለት ልጆች አባት ነው።»

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «እሱ ብዙ ነው የተናገረው። ያንተ ለምን አጠረ?»

«ክብርት ዳኛ፣ አማርኛ ረጅም ነው» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ፈገግ ብላ ጻፈች።

ሰባት ዓመት ፈረደችበት።

እዚህ አገር ከብት መስረቅ እንደ ጄሪካን መስረቅ እንዳልሆነ አላውቅም ነበር። ሕጉ ከዚህም በላይ ይፈቅድልኛል፤ ስላመነና ይቅርታ ስለጠየቀ ግን ቀነስኩለት አለች ዳኛዋ። ይህን ለምትኩ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ይቅርታ መጠየቁን እሱ ስለማያውቅ ያንን ተውኩት። ሰባቱን ዓመት ግን ሳልቀንስ ነገርኩት።

«ድንበር አላልከኝም ጋሼ?» አለኝ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

በማግስቱ አንድ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ሰውየው አዳመጠኝና፣ ያመነ ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ብዛት ላይ ብቻ ነው አለኝ። አንድ መንገድ ብቻ አለ፦ አስተርጓሚው ቀርቦ በትክክል አልተረጎምኩም ብሎ በመሐላ መፈረም አለበት። ለይግባኙ ያለው ጊዜም ሁለት ሳምንት ነው።

«አስተርጓሚው ማን ነበር?» አለኝ ወረቀት እየሳበ።

«አላውቀውም» አልኩት።

በመሐላ የዋሸ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ ምን እንደሚሆን አስቤ ነበር። ሱቄን፣ ልጆቼን፣ እዚህ ያሳለፍኩትን ሃያ ምናምን ዓመት አሰብኩ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ እያልኩ ሁለቱ ሳምንት አለፈ። በነዚያ ቀናት አማረች ሁለት ጊዜ ሱቄ መጥታለች። «ጋሼ፣ ምንም መላ የለውም?» ትለኛለች። እየሞከርኩ ነው እላታለሁ።

ምትኩ አሁን ያለው ማርሳቢት ወህኒ ቤት ነው። በሦስት በአራት ወር አንዴ በአውቶቡስ እየሄድኩ ሳሙና፣ ስኳርና ሸሚዝ አደርስለታለሁ። ከስቷል። እዚያም ግንብ ያሠሩታል። እስረኞቹን እየጠራ «ፍርድ ቤት የተናገረልኝ ሰው ይሄ ነው» ብሎ ያሳያቸዋል። በኔ ላይ ምንም ቂም የለውም፤ ምክሩ የተሳሳተው እግዜር ሲለው ነው ይላል።

ቂም የያዘው በዳኛዋ ነው። ባለፈው ጊዜ ስሄድ እንዲህ አለኝ፦

«ብትከለክለኝም አልቻልኩም፣ እጄን ዘርግቼ ሁሉን ነገርኳት። አንተም አደረስክልኝ። ጎልቦ ድረስ ሰው ብትልክ ምን ነበረበት? ሰምታኝ እኮ ነው ጋሼ። ሰምታኝ ነው የፈረደችብኝ።»

አልሰማችህም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራሁለት።

ስሰናበተው እንደ ወትሮው ቆሞ መረቀኝ። «እግዜር የሥራህን ይስጥህ» አለኝ። አሜን ማለት አልደፈርኩም።