ምልክቱ ማንኪያ የነበረው ፓርቲ

ባለቤቴ ፓርቲ ሊያቋቁም መሆኑን የነገረኝ ምሳ ላይ ነው። ፓስታውን በሙዝ ይበላ ነበር። እኔ ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ፓስታና ሙዝ አንድ ሳህን ላይ ማየት ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ የጅጅጋው ልጅ ግን ያለ ሙዝ አይቀምሰውም።

"ከማን ጋር ነው የምታቋቁመው?" አልኩት።

"ካንቺ ጋር።"

"ሌላስ?"

ትንሽ አሰበ። "ሌላውን እንፈልጋለን።"

እሱ ሐኪም፣ እኔ አዋላጅ ነርስ ነን፤ የተዋወቅነውም በሥራ ላይ ነው። መንግሥት ሲለወጥ የጎሳው ሽማግሌዎች "የተማረ ልጅ አለን" ብለው ለክልሉ ምክር ቤት አጩት፤ ገባ። እዚያም ለገጠሩ አዋላጅና መኪና ይመደብ እያለ ደጋግሞ ተናገረ። ሁሉም ነገር ከዜሮ የሚጀመርበት ጊዜ ነበርና ተራው አልደረሰውም። የምክር ቤት ዘመኑን ጨርሶ ጅጅጋ ወዳለው ክሊኒካችን ተመለሰ። ከዚያ አንድ ቀን ከገጠሩ ከሀርሺን ወገን አንዲት ነፍሰ ጡር ከፍየሎች ጋር በጭነት መኪና ተጭና መጣች። በራችን ላይ ስናወርዳት ነፍሷ ወጥታለች። ባለቤቴ እጁን ታጠበ፤ አደረቀ፤ እንደገና ታጠበ። ፓርቲ የሚለውን ቃል ከአፉ የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በሽተኞች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ነው፤ ሌላ አዳራሽ ከየት ይመጣል? ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ የጨርቅ ነጋዴ የሆነች ጎረቤታችንና ከደገሀቡር የመጡ ዘመዶቹ ተገኙ። ሊታከሙ የመጡትም አብረው ተሰበሰቡ። መርፌ የተወጉ አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን በጥጥ እንደያዙ ተነሡ።

"አደር፣" አሉት ባለቤቴን። አጎት ማለታቸው ነው፤ ሶማሌ ታላቅና ታናሽ በአንድ ስም ይጠራራል። "ይህ ፓርቲ የየትኛው ጎሳ ነው?"

"የሁሉም ነው፣ አደር።"

"የሁሉም ከሆነማ የማንም አይደለም።"

ያቺ ነጋዴ ጎረቤታችን ሻሿን አስተካክላ፣ "ባለቤት ከጠፋማ የኛ የሴቶቹ ይሁን!" ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ሳይቀሩ ሳቁ።

የምርጫ ምልክት መምረጥ ሲመጣ ግመሉም፣ ዛፉም፣ የውሃ ጉድጓዱም ቀድመው ተወስደዋል። ለእኛ የተረፈን ማንኪያ ነው። ባለቤቴ የሽሮፕ ማንኪያ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ገጠር ስንወጣ ግን ሰዉ፣ "የምታበሉን እናንተ ናችሁ?" እያለ ይጠይቀን ጀመር።

ለቅስቀሳ ሀርሺን የሄድነው ድምፅ ማጉያ በተገጠመለት ላንድክሩዘር ነው። እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ ንግግር አይችልም። ማይክ ይዞም ቢሆን የሚያወራው አልጋ አጠገብ እንደቆመ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ። ሕዝቡ ጆሮውን አሹሎ ሲያዳምጥ አንዲት አሮጊት ከኋላ መጥተው እጄን ያዙ። የልጃቸው ሚስት ምጥ ጠንቶባታል። ሄጄ አየኋት፤ ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ ወደ ጎን ተጋድሟል፤ ያለ ቀዶ ጥገና አይወጣም። ተመልሼ ከሩቅ ለባለቤቴ እጄን አወዛወዝኩለት።

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሥራ መጣ" አለና ከመድረኩ ወረደ።

አስተማሪውንና ዘመዶቹን እዚያው ትተን ምጥ ላይ ያለችውን ሴት በላንድክሩዘሩ ይዘን ወደ ጅጅጋ ገሠገሥን። መንገድ ላይ ያሉ እረኞች ቆመው ያዩናል፤ ግመሎቹም ቀና ይላሉ። ነገሩ የገባን ዘግይተን ነው። ከችኮላ ብዛት ማጉያውን ያጠፋ ሰው የለም። የእሷ ጩኸት፣ የእኔ "አይዞሽ፣ ደረስን"፣ የሾፌሩ ዱዓ፣ ሁሉም በሜዳው ላይ ሲያስተጋባ ኖሯል። ባለቤቴ ይህን ሲያውቅ ሳቀ፤ እየሳቀም የልጅቷን የእጅ አንጓ አልለቀቀም። ክሊኒካችን እንደደረስን ቀዶ አዋለዳት። ሴት ልጅ ናት። እናትየዋም ተረፈች።

በምርጫው ተሸነፍን፤ ሀርሺን ላይም ጭምር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኚያ አሮጊት የግመል ወተት ይዘው መጡና ባለቤቴ ፊት ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ከሰው አፍ ሳትሰማው ልንገርህ። እኔ አልመረጥኩህም።"

"ለምን፣ አያዮ?" አላቸው። አያቴ ማለቱ ነው።

"ብትመረጥ ወንበሩ ይወስድሃል። ወንበር የሚቀመጥበት ሰው አያጣም። እኛን የሚያክመን ግን ማን ነው?"

ወተቱን ተቀብሎ ጠጣ፤ አመሰገናቸው። ከሄዱ በኋላ መስኮቱ ጋ ቆሞ የካራማራን ተራራ ሲያይ ቆየ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"ፍቅር ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ። ግን እኮ አልገባቸውም። እኔ የፈለግሁት በየቦታው ሐኪም ኖሮ አንድ ሰው የማይናፍቁበትን ቀን ነበር።"

ያን ዕለት ዓይኑ ውሃ ሲያቀርር አየሁት። እጁን ያዝኩት።

ፓርቲው ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖረም። ዘመዶቹ ወደየጎሳቸው ፓርቲ ሄዱ፤ አስተማሪው ባቢሌ ልጁ ዘንድ ገባ። ቀጥሎም ስለ ፓርቲ ማውራት የማይመችበት ዘመን መጣ፤ ባለቤቴ ታፔላውን በገዛ እጁ አወረደው። ያቺ ነጋዴ ጎረቤታችንና ጓደኞቿ ግን መሰብሰቡን አልተዉም። ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ ክሊኒካችን ይመጣሉ፤ ሻሂ ይጠጣል። በሀርሺን መንገድ ጨርቅና ሩዝ የሚያመላልሱትን ሾፌሮች ሁሉ ስለሚያውቋቸው፣ ምጥ የጠናባት ሴት ካለች ጭነት አውርዶም ቢሆን የሚያመጣት ሰው በየከተማው አበጁ። ባለቤቴም እነሱ መሀል ተቀምጦ ያዳምጣል። ሳንደርስላቸው በራችን ላይ የሚሞቱብን እናቶች እያነሱ ሄዱ። እሱ ይህን "ፓርቲው ነው" ብሎ ሲያወራ አልሰማሁትም። እኔ ግን ሌላ ስም አላውቅለትም።

ብዙ ዘመን አልፎ የአገሩ አየር ሲለወጥ፣ የተማሩ ወጣቶች ቤታችን ድረስ መጥተው "ዶክተር፣ ፓርቲ ልናቋቁም ነውና ይምሩን" አሉት። ጸጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ጉልበቱም አልታዘዝ ብሎት ነበር። መምራቱን እንቢ አለ። ግን ከምሳ በፊት መሄዳቸውንም እንቢ አለ። ከጓዳ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ፤ ገጠር እንዴት እንደሚኬድ፣ ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚደመጥ ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል። ሲሄዱ በጣም ደክሞት ነበር። ጫማውን አወለቅሁለት፤ ትራሱን ከወገቡ ሥር አደረግሁለት፤ እሱም ገና ስለ ወጣቶቹ እያወራ እንቅልፍ ወሰደው።