ለእንግዳ የሚከፈት ቁምሳጥን

አደራ የማይበላ ሰው ማንንም አይበድልም ይባላል። አባባሉ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ለጆሮ ደስ የሚል አባባል ሁሉ ግን ከመታመኑ በፊት ሊመረመር ይገባዋል።

ይህ የሚነገርለት ርእሰ መምህር ከትምህርት ቤቱ ንብረት የእርሳስ ቁራጭ እንኳ ይዞ ወደ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ጠመኔ ሲያድል ያለፈውን ጉማጅ አስመልሶ ነው፤ የተሰበረ ወንበር ሳይጠገን ከግቢው አይወጣም። የመጋዘኑንና የቢሮዎቹን ቁልፎች ባንድ አስሮ ወገቡ ላይ ስለሚያንጠለጥል፣ ተማሪዎቹ ከኮቴው ቀድመው ቁልፉን ይሰማሉ። «ጋሽ ቁልፉ መጣ!» ከተባለ ግቢው እረጭ ይላል። ሚስቱም አትምረውም። «እኔንም ያገባኸኝ መጋዘን መስዬህ ነው» ትለዋለች፤ «አንዴ ከቆለፍክ ወዲያ ውስጡ ምን እንዳለ አይተህ አታውቅም።»

የእንግሊዞች የበጎ አድራጎት ማኅበር ትምህርት ቤቱን ከባሕር ማዶ ትምህርት ቤቶች ጋር ባስተሳሰረ ጊዜ፣ አዳዲስ የተረትና የሳይንስ መጻሕፍት በካርቶን ታሽገው መጡ። ርእሰ መምህሩ ባለ መስታወት ቁምሳጥን አሠርቶ በወግ ደረደራቸው፤ ቆለፈባቸውም። የልጅ እጅ ያቆሽሻል፤ ገጽ ያጥፋል፤ ይገነጥላል። መጽሐፍ አደራ ነው፤ አደራም እንደተረከቡት መገኘት አለበት። እንግዳ ሲመጣ ቁምሳጥኑ ይከፈትና መጻሕፍቱ ለየተማሪው ይታደላሉ፤ እንግዳው ሲሸኝ ተቆጥረው ይመለሳሉ።

የማኅበሩ አስተባባሪ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ልትጎበኝ የመጣች ዕለት ፊት ወንበር ወደተቀመጠች ልጅ ጎንበስ ብላ፣ «ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን ትወጂያለሽ?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ልጅቱ በሰፈሩ ስፌት ቤት ያላት ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ነቃ ያለች፣ የተጠየቀችውን ያለ ጭማሪና ያለ ቅናሽ የምትመልስ።

«ገና አላወቅሁም» አለች በዚያው በእንግሊዝኛ። «ቁምሳጥኑ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው። ዛሬ አራተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። ትንሽ ቢቆዩልን እጨርሰው ነበር።»

አስተባባሪዋ ሳቀች። ርእሰ መምህሩም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ግን በጠዋት ሰልፍ ልጅቱን ወደ ፊት አስጠርቶ፣ ትምህርት ቤቱን በእንግዳ ፊት ያዋረደች ውሸታም ናት ብሎ አባረራት። እናቲቱ ቢሮው ደጃፍ ደጅ ብትጠናም «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለች ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ ርእሰ መምህሩ የባሕር ማዶዎቹን ትምህርት ቤቶች እንዲጎበኝ ተጋበዘ። አዲስ ሱፍ አሰፋና ሄደ።

እዚያ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ እረፍት የሚባል ነገር አጣ። በየኮሪደሩ ሲያስኬዱት ዓይኑ መቆለፊያ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በር እንኳ የለውም፤ መደርደሪያዎቹ በልጅ ቁመት ልክ ተሠርተው ክፍት ናቸው። አንዱን መጽሐፍ ቢያነሣው ጀርባው ተላቅቆ በፕላስተር ተጣብቋል፤ ገጹ ላይ የማርማላታ ጣት ታትሟል።

«ይህን ማን አበላሸው?» ሲል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ጠየቃት።

«እንጃ፣ ያነበቡት ናቸዋ!»

«አልተቀጡም?»

የሚቀልድ መስሏት ከልቧ ሳቀች። እሱም መጽሐፉን ቀስ ብሎ፣ ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ መለሰው።

ሁሉ ነገር የተቃና አገር አልነበረም። በሌላው ትምህርት ቤት ግድግዳው ሁሉ ስለ እንግዳው አገር በተሣሉ ሥዕሎች ተሸፍኗል፤ አንዱን ነካ ቢያደርገው ሙጫው ገና አልደረቀም። «እነሱም ለእንግዳ ነው!» አለ በልቡ፤ ጥቂትም ቀለለው። የሰው ጉድለት ለራሳችን ጉድለት ማስታገሻ ሲሆን ክፉ መድኃኒት ነው፤ ሕመሙን አስረስቶ ቁስሉን ያመረቅዛል። ርእሰ መምህሩ በዚህ ማስታገሻ የቆየው ወደሚቀጥለው ክፍል እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር፤ አስተባባሪዋም ከኋላ ቆማለች። «ከአፍሪካ የመጡት ርእሰ መምህር እኚህ ናቸው። እንግዲህ ጠይቋቸው» አለች የክፍሉ መምህርት። አንዲት ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ እጇን አወጣች።

«አራተኛው ገጽ ላይ የነበረችው ልጅ ጨረሰችው?»

ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ አልገባውም። አስተባባሪዋ ፈገግ ብላ፣ «ስለ እሷ ነግሬያቸው ነው» አለች፤ «ለእንግዳ እውነቱን የተናገረች ልጅ ብዬ። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።»

ምላሱ ከልቡ ቀደመ። «ጨርሳዋለች» አለ። «አሁን ሌላ ጀምራለች።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ቀይ ጸጉሯ እንዲያውም ብድግ ብላ ነው ያጨበጨበችው። «ጥሩ ነው» አለች አስተባባሪዋ፤ «በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ ራሷ ትተርክልኛለች።»

ከዚያ በኋላ የቀረበለትን ምሳ አልበላም። ወንበር ሲሰጡት ይነሣል፤ ደረጃውን ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣዋል፤ በካፊያ የሜዳውን አጥር ይዞ ይዞራል። አስጎብኚዎቹ «ብርድ አልተስማማቸውም» ብለው ካፖርት አለበሱት። ያልተስማማው ጭብጨባው እንደሆነ ለማን ይናገራል?

ቤቱ ሲመለስም ያው ነው። ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ አየችውና፣ «ምነው አንተ፣ መሬቱ ይፋጃል እንዴ?» አለችው። ነገራት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ይቅርታ ጠይቃት።»

«ዳይሬክተር ተማሪ ፊት ይቅርታ ካለ ነገ ማን ይሰማዋል?»

«ዛሬስ ማን ይሰማሃል? የሚሰሙት ቁልፍህን ነው።»

በማግስቱ ቁምሳጥኑን ከፍቶ መጻሕፍቱ ለንባብ እንዲወጡ አዘዘ። መምህራኑ ተገረሙ፤ ልጆቹ ተሻሙ። መልካም አደረገ። ሆኖም ነገሩ ባለ ብዙ ዕዳ ሰው ቀላሉን ከፍሎ ከባዱን እንደሚያዘገየው መሆኑን ከእሱ በቀር ያወቀ አልነበረም። አስተባባሪዋ በቅርቡ እንደምትመጣ በስልክ ስትነግረው ግን መዘግየት አልተቻለም። ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ሄደ።

ስፌት ቤቱ ጠባብ ናት፤ በሩ ላይ ያልተጠናቀቁ ቀሚሶች ተንጠልጥለዋል። ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ልጅቱ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች።

«እንደምን ዋላችሁ፣ እናት?»

«ይመስገን» አለች ሰፊዋ፤ እግሯ ከመርገጫው አልተነሣም።

«ልጅቷ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ክፍሏ ትመለስ ብዬ ነው የመጣሁት።»

መኪናው ጸጥ አለ። ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው።

«እንግዳ ሊመጣ ነው እንዴ?»

ርእሰ መምህሩ ክራቫቱን ነካካ።

«ልጄ የእንግዳ ሰሃን አይደለችም፣ ዳይሬክተር» አለች ሰፊዋ፤ «ሲያሻችሁ የምታወርዷት፣ ሲያሻችሁ የምትሰቅሏት።»

ልጅቱ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል፣ «መጽሐፎቹ ተከፈቱ አሉ፤ እውነት ነው?» አለች።

«እውነት ነው።»

«ታዲያ እኔ ያልኩት ውሸት ነበር?»

በሩ ላይ ማን እንዳለ ዘወር ብሎ ካየ በኋላ፣ «አልነበረም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱን ሰልፍ ላይ ይበሉልኝ። ውሸታም የተባልኩት እዚያ ነው።»

«እሺ» አለ። ለልጅ የተሰጠ እሺታ ለአዋቂ ከተሰጠው አያንስም፤ እንዲያውም ይከብዳል፤ ልጅ የምትይዘው ሌላ ዋስ የላትምና።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ እናቷ የተኮሰችላትን የደንብ ልብስ ለብሳ ከሰልፉ ጫፍ ቆመች። ርእሰ መምህሩ የሲሚንቶው መድረክ ላይ ወጣ። ዓረፍተ ነገሩን ከቤቱ ጀምሮ ሲያጠናው መጥቷል፤ አጭር ነበር። ነገር ግን ሰልፉን አየ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የቆሙትን መምህራን አየ፤ ሂሳብ አስተማሪው ለጎረቤቱ አንዳች ነገር ሹክ ሲል አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባለፈው ጥፋቷ የተባረረችው ተማሪ» አለ፣ «በትምህርት ቤቱ መልካም ፈቃድ ምሕረት ተደርጎላታል።»

መምህራኑ አጨበጨቡ። ልጅቱ አላጨበጨበችም፤ የሚጨምረው ነገር ይኖር እንደሆነ አፍ አፉን እያየች ጠበቀች። እሱ ጫማውን አይቶ ከመድረኩ ወረደ። ያኔ ቦርሳዋን አነሣች፤ ሳትሮጥ፣ ሳታለቅስ በዋናው በር ወጣች። ጥበቃው «የት ነው አንቺ፣ ደወል ተደውሏል እኮ!» ቢላት፣ «ምሕረቱ ለእኔ አይደለም፣ አባባ» አለችው።

አስተባባሪዋ መጣች። ጥግ ጥጋቸው የተጣጠፈ፣ የጣት አሻራ ያረፈባቸው መጻሕፍት አይታ ተደሰተች፤ ርእሰ መምህሩንም በሰው ፊት አመሰገነች። ስለ ልጅቱ ስትጠይቀው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራለች አላት። እውነቱን ነው፤ እናቷ ሩቅ ሰፈር አስመዝግባታለች። እውነትም እንደ ሎሌ ለውሸት ሊታዘዝ ይችላል።

ዛሬም አደራ አይበላም። ወደ ገበያ ሲሄድ ግን በስፌት ቤቱ መንገድ አያልፍም፤ አቀበቱን ዞሮ ነው የሚሄደው። ሚስቱ «እግርህን ነው የምትቀጣው?» ትለዋለች።

ለልጅቱ የሚገባት ምሕረት አልነበረም፤ የተከፈተ ቁምሳጥንም አልነበረም። የሚገባት፣ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ሰልፍ ፊት፣ ውሸታም በተባለችበት ድምፅ ልክ፣ «እውነት ተናግራ ነው የቀጣኋት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» መባል ነበር። አልተባለላትም።