የሚዞሩት በጎችና የጎረቤታችን ጫት

የውሻ የትል ኪኒን ከማሸጊያው ሲወጣ የሚሸተው ሽታ አለ፤ እንደ ጠመኔ ደረቅ ያለ፣ ከኋላው ግን መራራ። ልጄ ውሻ ወደ ቤት ካስገባች ወዲህ ኪኒኑን በቋሊማ ጠቅልዬ የማስውጠው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላምንም። እንዳይተፋው መንጋጋውን ይዤ፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ እስካይ እጠብቃለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች። «አባ፣ ውሻው እኮ ከአንተ በላይ ነው የሚታጠበው» ትላለች። ይታጠብ። ከውጭ ታጠበ፤ ከውስጥ ማን ያጥበዋል?

ይህ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ሐሳቤ ከጎንደር ተነሥተን በሰፈርንበት በአይሁድ አገር ወዳለው መንደር፣ ወደ ክፋር ማርሞሬክ ይሄዳል፤ ወደ አባቴ በጎች።

ያኔ የውትድርና አገልግሎቴን ጨርሼ፣ መዝከረት ባትያ አጠገብ ባለ የላሞች በረት እሠራ ነበር። ብዙም አልተማርኩም። ዕብራይስጥ ማንበብ የለመድኩት በበረቱ መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩት የመድኃኒት ካርቶኖች ነው። አባቴ ሥራ አልነበራቸውም። ጎንደር ሳሉ ሲያርሱ የኖሩ ሰው፣ እዚህ ክርያት ሞሼ ሰፈር ፎቅ ላይ ተቀምጠው የአውቶቡስ ድምፅ ሲሰሙ ይውሉ ነበር። በኋላ አንድ የምናውቀው ሰው ማርሞሬክ ካለው ቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ፈቀደላቸው። ጥቂት በጎች ገዙ። በአቅራቢያው ካለው የብርቱካን እርሻ ተከትሏቸው የመጣ አንድ ቡናማ ውሻም ጠባቂ ሆነላቸው። ከዚያ ወዲያ አባቴ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ጀርባቸው ቀና አለ። በጸደይ የብርቱካን አበባ ሽታ ከእርጥብ በግ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ልብሳቸው ላይ ይመጣ ነበር፤ እናቴ ታጉረመርማለች፣ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። የሚሸተው የመኪና ጭስ ነው።

አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ከአንድ የየመን ተወላጅ ሽማግሌ ጋር ነበር። በአጥሩ ጥግ ትልቅ የጫት ዛፍ ነበራቸው። የተከሉት አባታቸው ናቸው፤ ሽማግሌው ስለ ዛፉ ሲናገሩ እጃቸውን ግንዱ ላይ ያሳርፉ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ጥላው ሥር አውጥተው፣ አንድ ጉንጫቸውን ነፍተው ይቀመጣሉ። ሲጨርሱ የተረፈውን ገረባ በአጥሩ ላይ ለበጎቻችን ይወረውሩታል። ለእሳቸው ቸርነት ነበር። አባቴ ግን አልወደዱትም።

«ቀኑን ሙሉ ቅጠል የሚያላምጥ ሰው ምኑ ይታመናል?» ይሉ ነበር።

አባቴ ከዕብራይስጥ የሚያውቁት ሰላምታ ብቻ ነው። ሽማግሌው «ሻሎም» ይላሉ፣ አባቴ «ሻሎም» ይላሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ሌላ የሚሉት ስለሌላቸው ወደ በጎቹ ያያሉ። ለብዙ ጊዜ ጉርብትናቸው ይኸው ነበር፤ መጥፎም አልነበረም።

አንድ ቀን አንዱ ጠቦት አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ መዞር ጀመረ። ባለበት ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሳያቋርጥ። ኮቴው መሬቱን ፍቆ ፍቆ ክብ መንገድ አወጣበት። ስንይዘው ይቆማል፤ ስንለቀው ይዞራል። አባቴ ነገሩን ያውቁታል። ጎንደር ውስጥ አዙሪት ይባላል። ስሙን የማያውቅ አልነበረም፤ ከምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ግን አልነበረም። አንዱ ዛር ነው ይላል፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል።

አባቴ ያንን ጠቦት አልበሉም፣ ለማንም አልሸጡም። «የታመመ ለእኛ አይሆንም። ኦሪት ለውሻ ጣሉት ትላለች» ብለው ገደሉት፤ ራሱን በመጥረቢያ ፈልጠው ለውሻው ሰጡት። ውሻው አጥንቱን በመዳፎቹ ይዞ እስኪያብረቀርቅ ላሰው። አባቴ ሕጉን እንደፈጸመ ሰው እጃቸውን ታጥበው ገቡ።

ወራት ቆይቶ ሌላው ዞረ። እሱም ለውሻው ተጣለ። ሦስተኛው ሲዞር አባቴ ቀና ብለው ወደ አጥሩ አዩ።

«ጫቱ ነው» አሉ። «አስክሯቸዋል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ግቢ ሌላ ግቢ ሆነ። አባቴ ገረባውን እያነሱ ያሸቱ ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሽማግሌውን አያቸዋለሁ፦ ምን ያዙ? ምን ወረወሩ? ለምን ዛሬ ቶሎ ገቡ? እሳቸውም እንደሚያዩኝ አውቅ ነበር፤ የመስኮታቸው መጋረጃ ነፋስ በሌለበት ይንቀሳቀሳል።

በመጨረሻ አባቴ አስተርጓሚ አድርገው አጥሩ ድረስ ወሰዱኝ። «በጎቼን በቅጠሉ እያሰከረ እየጨረሰብኝ ነው በለው» አሉኝ። ለዘብ አድርጌ ነገርኳቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስቅም አንድ ቀን ዞሬ አላውቅም!»

አባቴ ይህ ሲተረጎምላቸው ፊታቸው አልተፈታም። «ተቀምጦ ነዋ የሚቅመው። እንዴት አድርጎ ይዞራል? በለው።»

ይህንንም ተረጎምኩ። የሽማግሌው ሳቅ ቆመ። ወደ ቤት ገቡ፤ መጋዝ ይዘው ወጡ። «ያላ፣ እሺ በቃ» አሉ። «አሁን እናያለን።»

«አባ፣ ይተዉት ይበሏቸው እንጂ» አልኩ። አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣጥፈው ያዩ ነበር። መጋዙ በጫቱ ግንድ ላይ ሲሄድና ሲመጣ የአንድ ሰው ትንፋሽ ይመስል ነበር። የእርጥብ እንጨት ሽታ ሸተተን። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ እያረፉ፣ ማንም ሳያግዛቸው ጨረሱት። ዛፉ ሲወድቅ ቅርንጫፉ የአጥራችንን ቆርቆሮ መታው፤ በጎቹ ደንብረው ወደ ጥግ ሮጡ። ሽማግሌው ወንበራቸውን አጥፈው ገቡ። ከዚያ በኋላ «ሻሎም» አልተባለም።

ከዛፉ መቆረጥ በኋላ ሌላ በግ ዞረ።

አባቴ ያን ቀን ገለባው ላይ ተቀምጠው ያንን በግ ሲያዩት ዋሉ። «ጫቱ የለም» አሉኝ ስመጣ። 

እኔ የምሠራበትን በረት የከብት ሐኪም ለመንኩ። ሥራዋን ጨርሳ ልትሄድ ስትል ነው የያዝኳት። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ግን ለአጭር ጊዜ» ብላ መጣች። በጉ መቆም አቅቶት ወድቆ ነበር፤ አባቴ አረዱት፣ እሷ ራሱን ከፈተችው። አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተኝቶ ነበር፤ እንቁላል ያህላል፣ ስስ፣ ብርሃን ያሳልፋል። ከውስጥ በኩል ሰሊጥ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች በክምችት በክምችት ተጣብቀውበታል። «እያንዳንዷ ነጥብ የትል ራስ ናት» አለች።

ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችን፦ «የታመሙትን በጎች ጭንቅላት ማን ነው የሚበላው?»

 ውሻው አጠገባችን ቁጭ ብሎ፣ አፉን እየላሰ፣ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

በጫማዋ ጫፍ አቧራው ላይ ክብ እየሠራች አሳየችን። ውሻው ይህን ከረጢት ሲበላ ነጥቦቹ አንጀቱ ውስጥ ረጅም ትል ይሆናሉ። እሱን ምንም አያመውም። እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል። በጉ ሣሩን ይግጣል፤ የተፈለፈለው በደሙ አድርጎ አንጎሉ ድረስ ይወጣና ከረጢት ይሆናል። በጉ ይዞራል። ሰው ጭንቅላቱን ለውሻው ይጥላል። እግሯ ወደ ጀመረችበት ተመለሰ።

አባቴ ቃል በቃል እንድተረጉምላቸው አደረጉኝ። ሲያበቃ ወደ ውሻው አዩ። «ኦሪት የነገረችን ስለ እኛ አፍ ነው» አሉ። «ስለ ውሻው ሆድ አልጠየቅናትም።»

ውሻው ኪኒን ዋጠ፤ ኩሱ ተለቅሞ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ የሞተ በግ ራስ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀበረ፣ በላዩ ድንጋይ ተጫነ። ቀድሞ የተለከፉ ግን ስለነበሩ፣ ከዚያም በኋላ የዞሩ በጎች ነበሩ። ልጆቼን የማስተምራቸው ይህንኑ ነው፦ ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ አጥር ማዶ ያያል፤ በገዛ እጁ እያጎረሰ የሚያሳድገውን አያይም። ልጆቼ ይህን ንግግር በቃላቸው ያውቁታል፤ ስጀምር ይነሣሉ።

አባቴን ለብዙ ቀን እንቅልፍ እምቢ አላቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከሩቅ ጩኸት ሰማሁ። ሮጥኩ። አባቴ በሽማግሌው በር ላይ፣ በማጀራታቸው ትልቅ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ሽማግሌው የብረት በራቸውን ቆልፈው ከውስጥ ስልክ ይዘው ይጮሃሉ፦

«ፖሊስ እጠራለሁ! ዛፌን አስቆረጠኝ፣ አሁን ደግሞ በድንጋይ ሊፈነክተኝ መጣ!»

«ኧረ አይደለም!» አልኩ እየተንተባተብኩ። «በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። የተበደለው ከአንገቱ ካላወረደለት እሱ ራሱ አያወርደውም።»

ሽማግሌው ስልኩን ዝቅ አደረጉ። በሩን ግን አልከፈቱም። ስለ ትሉ፣ ስለ ውሻው፣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው። አባቴ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ነበሩ።

«ለምን አስቀድሞ አልጠየቀኝም?» አሉ ሽማግሌው። «ቅጠሉን አትወርውር ቢለኝ እተው ነበር። አባቴ የተከለው ዛፍ ነው።»

ተረጎምኩላቸው። አባቴ ከድንጋዩ ሥር ሆነው፣ መሬት መሬቱን እያዩ መለሱ፦ «ስላላመንኳቸው ነው በላቸው።»

ላለዝበው እችል ነበር። አላለዘብኩትም፤ እንዳለ አደረስኩት።

 ከዚያ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

«እኔም» አሉ በሩን እየከፈቱ። «እናንተ ከመጣችሁ ጀምሮ ማታ ማታ ዶሮዎቼን እቆጥር ነበር። ንገረው።»

ነገርኳቸው። አባቴ ከድንጋዩ ሥር ጠየቁ፦ «ጎድሎባቸው ያውቃል ወይ?»

«አንድም» አሉ ሽማግሌው።

ቀርበው እጃቸውን ድንጋዩ ሥር አስገቡ፤ ለብቻቸው ከበዳቸው። እኔ ላግዝ ስል አባቴ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ሁለቱ ሽማግሎች እያቃሰቱ አወረዱት። ከዚያ የየመኑ ሽማግሌ በአውራ ጣታቸው የአባቴን አንገት፣ ድንጋዩ አፈር ያስነካውንና የላጠውን ቦታ፣ ቀስ እያሉ ጠረጉት። አባቴ እንደ ሕፃን አንገታቸውን ሰጥተው፣ ጠርገው እስኪጨርሱላቸው ድረስ ቀና ሳይሉ ቆዩ።