ከኋላ የመጣው ባለ አጭር እጅ

ነሐሴ ነበር። እንጦጦ ጉም ተከናንቦ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰፈራችን ከካራ አልታይ ያለበት ሰሞን። እንዲህ ያለው ጊዜ ለአደን ደግ ነው፤ የትም አይኬድም፣ መብራት ካልጠፋ ደግሞ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። እናንተ ትናንት ጆይስቲክ የጨበጣችሁ ልጆች፣ መሳቁን ሳቁ። እኔም የመጀመሪያ ቀን አውራ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ ከዛፍ ጋር ስላተም ነው የዋልኩት። ሰባ ዓመት የታዘዘኝ ጣት!

ሦስት ነበርን። አንዷ የልጄ ልጅ ሃዊ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ በአባቷ ወገን ልማድ «አኮ» ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። ሁለተኛዋ አስካለ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ሦስተኛዋ እኔ። የምናድነው በአስካለ ቤት ነው፣ የእሷ ቴሌቪዥን ሰፊ ስለሆነ። ለሦስት ይከፈልና ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ጫካ ይደርሰናል።

በፊት እሁድ እሁድ ሃዊን ይዤ እንጦጦ እወጣ ነበር። በወጣትነቴ ጭራሮ የተሸከምኩበትን መንገድ አሳያታለሁ፣ የጃርት ወስፌ እናነሳለን፣ የጅብ ዱካ ስናገኝ «የኋላ እግሩ ከፊተኛው ያንሳል፣ አየሽ?» እላታለሁ። ከዚያ ይህ የዳይኖሰር ጌም መጣ። በጌሙ አልተከፋሁም። የተከፋሁት አንድ እሁድ ጫማዬን አድርጌ ስጠብቃት በግድግዳው በኩል «ጓዴ፣ ከጀርባዬ ይጠብቁኝ!» ስትል ስሰማ ነው። ከዚያ ሳቅ። የአስካለን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ እንደ ቆርቆሮ ነው። እኔን አንድ ቀን ጓዴ ብላኝ አታውቅም። ጫማዬን አወለቅሁና ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ አስካለ ቤት ሄድኩ፤ «ለእኔም ጠመንጃ ስጡኝ» አልኳቸው።

የዚያን የነሐሴ ቀን ግን ነገሩ ከረር ያለ ነበር። ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ያለ አንድ ጌም ቤት ለቅዳሜ ውድድር ጠርቷል፤ አንድ ወጣት ከአንድ በዕድሜ ከገፋ ሰው ጋር ነው የሚገባው። ሃዊ ሁለታችንን አየት አየት አድርጋ «ዛሬ በደንብ ያደነ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይሄዳል» አለች። አስካለ መነጽሯን ጠረገች። እኔ ጆይስቲኬን ቀድሜ አነሳሁ።

በጌሙ ውስጥም ዝናብ ነበር። እውነት ለመናገር፣ ይህን የሠራው ሰው ጫካ ገብቶ የሚያውቅ ነው። የአውሬው ዱካ ውሃ ይቋጥራል፤ የቆየው ይጠራል፣ አዲሱ ድፍርስ ነው። ነፋሱን በሣሩ ማወቅ ትችላላችሁ፣ ከነፋሱ በላይ ከቆማችሁ፣ ማለት ነፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ ከነፈሰ፣ ያሸታችኋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጆሮው ነው። ከጆይስቲኩ በሽቦ የተያያዘ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ እንደፋለን፣ ከአፋችን ፊት ደግሞ ትንሽ ነገር አለች፤ በእሷ በኩል የተናገርነውን አውሬው ይሰማል። ሲያስለኝ እንኳ በነጠላዬ አፍኜ ነው። ለዚህ ብለው የፉጨት ቁልፍ አበጅተዋል፤ ስትጫኗት ጓደኛ ይሰማታል፣ አውሬ አይሰማትም።

ዛፎቹ ግን ውሸት ናቸው። ያው አንድ ጎባጣ ዛፍ ሰባት ቦታ ቆሞ አገኘሁት። አንዳንዴ የአውሬው ጅራት ዓለቱን አልፎ ይወጣል፣ ዓለቱ ምንም አይሆንም። የሞተ አውሬ ደግሞ ወዲያው ይጠፋል፤ ሥጋ የለ፣ ቆዳ የለ፣ ጥንብ አንሳ የለ። ይኼ ምን ያለ አደን ነው?

የምንከተለው ትልቁን ነበር፣ ሃዊ ቲሬክስ የምትለውን። እኔ ባለ አጭር እጅ ነው የምለው። ሃዊ ከፊት፣ አስካለ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ። በቴሌቪዥኑ ጥግ አንዲት ቀስት አለች፣ አጠገቧ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል። አስካለ ትምህርት ቤት ስትሠራ እንግሊዝኛ ለቃቅማለች።

«ከወንዙ ማዶ ነው ይላል» ብላ አንሾካሾከች።

«ጎበዝ እትዬ አስካለ!» አለች ሃዊ።

ጎበዝ! ለማንበብ! እኔ ደግሞ መሬት መሬት አየሁ። ጭቃው ላይ የአስካለ የጫማ ዱካ አለ፣ በዚያ ላይ፣ ልብ በሉ፣ በዚያ ላይ ሦስት ጣት ያለው ሰፊ ዱካ ወርዶበታል። ውሃው ገና እየደፈረሰ ነው። ቀስቲቱ የምታሳየው ቀደም ሲል የነበረበትን ነው፤ እሱ ዞሮ ከነፋሱ በታች አስካለን ከኋላ እየተከተላት ነበር።

የፉጨቷ ቁልፍ ከጣቴ ሥር ነበረች። ልጆቼ፣ አልተጫንኳትም። «ዝም በሉ ተብሏል አይደል» አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። እስቲ ቀስቷ ታድናት፣ እስቲ እንግሊዝኛዋ ያድናት፣ ቅዳሜም ቤቷ ትቀመጥ፤ እንዲህ ነው ያልኩት። ለራሴም ገረመኝ፣ ስትታመም ገንፎ የማበላት ሴት ናት።

የመጣው ከሁለት ጎባጣ ዛፎች መሃል ነው። ትንፋሹ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ወናፍ ገባ። አስካለ ዘወር አለች፣ አየችው፣ ሮጠች፣ ሥር ጠለፋትና በግንባሯ ተደፋች። ሃዊ ሁለቴ ተኮሰችና ጥይቷ አለቀ። ይኼም የጌሙ ክፋት ነው፤ ጥይት ማጉረስ እንጀራ በልቶ እጅ የመታጠብ ያህል ይፈጃል። አውሬው አንገቱን ወደ አስካለ ዝቅ አደረገ። አስካለ ሶፋው ላይ ሆና እግሮቿን ሰበሰበች፤ የእውነቱን እግሯን ማለቴ ነው።

«እኔን!»

ከማን አፍ ወጣ ብትሉ፣ ከእኔ። ሰው ሲወድቅ አይቶ ዝም ማለት አፌ አልለመደም። ልቤ ሲከለክል አፌ አልሰማውም። ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት፣ ግቢው ውስጥ ያሉ ዶሮዎች እንኳ ተንጫጩ። ባለ አጭር እጅም ሰማኝ። ያ ጭንቅላት ከአስካለ ላይ ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ሦስት ጥይት ነበረኝ። የመጀመሪያው ጎባጣ ዛፍ አገኘ። ሲሮጥ ጭቃው ይፈናጠራል፣ ጆይስቲኩም እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ያሰበው ሰው ጨካኝ ነው። ሁለተኛው ከአገጩ ሥር ገባ፣ ደም አየሁ። ሦስተኛውን አፉ ቴሌቪዥኑን ሞልቶት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተኮስኩት። የት እንደሄደ እግዜር ይወቅ።

ዓይኔን ስገልጥ ወድቋል። አስካለ ከተደፋችበት ከወገቧ በመዘዘችው ትንሽ ሽጉጥ አንዴ ተኩሳ ጨርሳው ኖሯል። ቴሌቪዥኑ ላይ በደማቁ የተጻፈው የእሷ ስም ነው።

«እትዬ አስካለ ገደሉት! ይፎክሩ እንጂ!» ሃዊ ተነስታ አቀፈቻት።

ለእናንተ አልደብቅም፤ ገና ከአውሬ አፍ ወጥቼ እንደገና ቀናሁ። በአባቶቻችን ሕግ ግዳዩ ቀድሞ ላቆሰለ ሰው ነው። ጌሙ ግን የሚያውቀው የመጨረሻውን ጥይት ብቻ ነው። ከጉድለቱ ሁሉ ይኼ አንገበገበኝ።

አስካለ «ዘራፍ!» ብላ ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው። መነጽሯን አወለቀች። «ተይ ሃዊ፣ ደሙን ያፈሰሰችው አያትሽ ናት። ደግሞ ባትጮህ ኖሮ እኔ ተበልቼ ነበር። ቅዳሜ እሷ ትሂድ።»

ሃዊ ወደ እኔ ዞረች። «አኮ፣ እውነትም አንቺ ነሽ እኮ! በቃ፣ ጓዴ ነሽ!» አለችኝ።

ያችን ቃል ስንት እሁድ ጠበቅኋት። አፌ ላይ «እሺ» መጥታ ነበር። የአስካለን ፊት ሳይ ግን ተውኳትና ማዳመጫዬን አወለቅሁ።

«ዱካውን አይቼው ነበር» አልኩ። «ከኋላሽ እየመጣ እንደነበር አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«አውቃለሁ» አለች አስካለ። «ማዳመጫው ውስጥ ትንፋሽሽ ቀጥ ሲል ሰምቻለሁ። ምን አየች ብዬ ነው ዘወር ያልኩት።» ከዚያ ያንን የቆርቆሮ ሳቋን ሳቀች። «አንቺ ቀናተኛ! በዚህ ዕድሜሽ!»

«ቅናቱ አልለቀቀኝም» አልኳት።

«ቅዳሜ እንግዲያው እኔ ነኝ የምሄደው፤ ይቅርብሽ።»

«ይቅርብኝ» አልኩ። ሃዊ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። ጓዴ ያለችኝን አልሻረችውም፣ አልደገመችውምም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አድኛለሁ። ቅናት የሚለቅ በሽታ አይደለም፤ ቢያንስ እኔን አለቀቀኝም። የያዝኩት ልማድ አንድ ነው፤ አዲስ ዱካ ሳይ ልቤን ሳላማክር እናገራለሁ። ልቤን ካማከርኩ ምክንያት አያጣም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት አስካለ አዲስ ሻሽ አስራ ከሃዊ ጋር ወጣች። እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። ሻሹ ያምርባት ነበር፣ እሱም አናደደኝ። ረዳቱ «ሲ.ኤም.ሲ! የሞላ!» እያለ ሲጣደፍ በመስኮቱ በኩል ክንዷን ያዝኳት። «ስሚ፣ ቀስቲቱን አትመኚ። ውሃው የደፈረሰውን ዱካ ተከተይ። ነፋሱ ፊትሽን ሲመታሽ እሱ ከኋላሽ ነው። ከአገጩ ሥር ምቺው፣ ቆዳው እዚያ ጋ ስስ ነው።»

«ይኼን ሁሉ ታውቂ ነበር?»

«ሁሉንም።»

ታክሲው ሄደ። ሃዊ ትከሻዋን ከአስካለ ትከሻ ጋር አስጠግታ በስልኳ አንድ ነገር ስታሳያት በኋላው መስኮት አየሁ። ቀናሁ፣ በጣም ቀናሁ። ግን የማውቀውን ሁሉ ይዛ ነው የሄደችው።