ትኩሳቱ የለቀቀው ዕለት

«ለቆታል እያልኩሽ! ግንባሩን ንኪው እስቲ፤ ከእኔ ይቀዘቅዛል» አለ አባቴ፣ ከወንድሜ አልጋ አጠገብ ቆሞ።

«አባባ፣ እኔን ያስፈራኝ መልቀቁ ነው» አለች ጤና መኮንኗ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «ሰማህ? ሲነድ ተኛ፣ ሲበርድ ተኛ። ታዲያ ሰው መቼ ነው የሚድነው?»

ታላቅ ወንድሜ ለእናታችን ሙት ዓመት ከአፋር በረሃ፣ ከመንገድ ሥራ የመጣ ነው። ቆሰበር ከተማ ላይ ከሚኒባስ ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁላችንም ወባ ነው አልን። ምርመራው ግን ዴንጊ ነው አለ፤ ይህንንም የቆላ ትንኝ ታመጣዋለች። አራት ቀን ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ ለሙት ዓመቱ የማነበውን ግጥም እየጻፍኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው አላበውና በረደለት። ሙት ዓመቱ ለነገ ነበር፤ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ቤታችን ደጃፍ ድንኳኑ ተተክሏል።

«ፍትሐቱ የመጀመሪያ ልጇ ሳይቆም ይደረስ?» አለ አባቴ።

«ሆዱን ያመዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ አስመልሶታል። ሁለት ቀን ብቻ ይተዉልኝ።»

«ይሞታል ነው የምትይኝ?»

እስክሪብቶዋን ከፍታ ዘጋች። «አላውቅም። አብዛኞቹ ከዚህ በኋላ በልተው፣ ጠጥተው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ደግሞ ልክ ትኩሳቱ ሲለቀው ይወድቃል። የትኛው እንደሆነ ለይቼ ባውቅ ሌላውን አላስተኛም ነበር።»

«አታውቂማ!» አለ አባቴ። ከዚያ እሷ እንዳይገባት በአገውኛ ለወንድሜ፣ «የምታውቀው ነገር የለም፤ ተነሥ» አለው።

ወንድሜ ተነሣ። የጫማውን ክር ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው አሰረ። ሲቀመጥ ይነሣል፣ ሲነሣ ይቀመጣል።

ጤና መኮንኗ እኔን አየችኝ። «አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ። ከድዱ ወይ ከአፍንጫው ደም አይተሃል?»

ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ የመፋቂያው ጫፍ ቀልቶ ነበር። «ወግቶኝ ነው፤ ለእሷ እንዳትነግራት» ብሎ ሰጠኝ። ኪሴ ውስጥ ነበር። ወንድሜ ቅንድቡን አነሣብኝ፤ ልጅ ሆነን የሰበርነውን ገንቦ ስንደብቅ እንደሚያደርገው። እኔም ብሆን ነገ ያን ሁሉ ለቀስተኛ ያለ እሱ መቀበሉ ጨንቆኝ ነበር።

«አላየሁም» አልኳት።

ዛሬ የእሱ ሙት ዓመት ከእናታችን ሙት ዓመት የሚርቀው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ አባቴን ይወቅሳል፤ አባቴም ይቀበላል። እኔ ግን የተጠየቅኩትን አውቃለሁ።

ያን ዕለት አባቴ «በፈቃዴ አስወጥቼዋለሁ» የሚለውን ወረቀት ፈረመ። ጤና መኮንኗ ወረቀቱን ተቀብላ ቆመች፤ አሁንም የምታየው እኔን ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ መፋቂያውን ይዟል።

«ገጣሚው!» አለ ወንድሜ፣ አባቴ ትከሻ ላይ ተደግፎ። «ግጥምህን ባጃጅ ላይ ትጨርሰዋለህ። ፌስታሌን ያዝና ና።»

ወጡ። በሩ ቀስ ብሎ በእኔና በጤና መኮንኗ ላይ ተመልሶ ተዘጋ።